በቤት ግቢ የፍሬ ዛፍ ስለ መትከል

ጤፍ ወይም ገብስ የዘራ ገበሬ ሥራው መልካም ይሁን ክፉ በዚያው ዓመት ያውቀዋል። ዘሩ የተበላሸ፣ እርሻውም ያልለሰለሰ እንደ ሆነ በመኸር ጊዜ ጉዳቱን አይቶ በሚመጣው ክረምት ሊያርመው ይችላል። የፍሬ ዛፍ ግን እንደዚህ አይደለም። በተከላ ቀን የተደረገው ስሕተት ተሰውሮ ይቆይና፣ ቤተ ሰቡ ውሃ ሲያጠጣና ሲጠብቅ ከኖረ በኋላ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ይገለጣል። ያን ጊዜ ዛፉን ነቅሎ እንደ ገና ለመጀመር ገንዘብ ቢገኝ እንኳ የጠፋው ዘመን አይመለስም። ስለዚህ በግቢው ጥቂት የፍሬ ዛፎች ሊተክል የሚያስብ ሰው ሁሉ፣ ገበሬም ቢሆን የከተማ ነዋሪ፣ ዶማ ከማንሣቱ በፊት አምስት ነገሮችን መርምሮ ማወቅ ይገባዋል፤ እነርሱም የአገሩ ከፍታ፣ የቦታውና የአፈሩ ጠባይ፣ የሚገኘው ውሃ መጠን፣ የችግኙ ዘር፣ የተከላውም ሥርዓት ናቸው።

የፍሬ ዛፍ በደጅ መኖሩ የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። ሎሚ፣ ትርንጎና ኮክ ከረጅም ዘመን ጀምሮ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥርና በባላባት ግቢ ሲተከሉ ኖረዋል። ነገር ግን ፍሬ ለእንግዳ የሚቀርብ ጌጥ ብቻ ተደርጎ መቈጠር የለበትም። ማንጎና ፓፓያ ለዓይን ጤና የሚያስፈልገውን ቪታሚን ኤ ለማግኘት ይረዳሉ። ዘይቱን በቪታሚን ሲ ብርቱካንን ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። አቮካዶም ቅባት ስላለው ከስድስት ወር በላይ ለሆነው ሕፃን ከእናቱ ጡት ጋራ የሚሰጥ መልካም ምግብ ነው። ከቤት ፍጆታ የተረፈውም በገበያ ተሽጦ ለደብተርና ለጨው፣ ለሳሙናም ይሆናል።

1ኛ/ ስለ አገሩ ከፍታ

ብዙ ሰው በጉዞ ላይ ያየውንና የቀመሰውን ዛፍ በአገሩ ለመትከል ይመኛል። ነገር ግን የአርባ ምንጭ ሙዝ በጨንቻ አይሆንም፤ የጨንቻም ፖም በአርባ ምንጭ አያፈራም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም አርባ ምንጭ ወደ 1,300 ሜትር፣ ጨንቻ ግን ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው።

በቆላ፣ ማለት ከ1,500 ሜትር በታች በሆነው አገር፣ ውሃ ካለ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ ጊሽጣ፣ ሮማንና ሎሚ መልካም ይሆናሉ። ድሬዳዋና ከረን ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ከአስመራ ወደ ከረን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ዒላበርዕድም ከኢጣልያ ዘመን ጀምሮ በብርቱካን ተክሉ የታወቀ ስፍራ ነው።

በወይና ደጋ፣ ማለት ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባለው አገር፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ሎሚ፣ ዘይቱንና ካዝሚር ይስማማሉ። አቮካዶ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ገደማ በሂርናና በወንዶ ገነት ተተክሎ እንደ ተጀመረ ይነገራል፤ ዛሬ በብዙ የወይና ደጋ ግቢ ይገኛል። ማንጎ ግን ከ1,800 ሜትር በላይ በሆነ አገር ቅጠሉ ቢያምር እንኳ ፍሬው የሚያስተማምን አይደለም።

በደጋው ፖም፣ ፕሪምና ኮክ ይተከላሉ። እነዚህ ዛፎች በብርድ ወራት ቅጠላቸውን አራግፈው የሚያርፉ ስለ ሆኑ፣ ብርድ ያላገኙ እንደ ሆነ እንቡጣቸው በደንብ አይነቃም። በጨንቻ አካባቢ ፖም በ1940ዎቹ ዓ.ም. በሚሲዮናውያን እጅ ከገባ በኋላ ለብዙ ገበሬዎች የኑሮ መሠረት ሊሆን የቻለው ስፍራው ይህን ብርድ ስለሚሰጥ ነው። አና እና ዶርሴት ጎልደን የተባሉት የፖም ዓይነቶች ብዙ ብርድ የማይጠይቁ ስለ ሆኑ ለእኛ ደጋ የተመረጡ ናቸው። ሁለቱም በአንድ ወቅት አብበው አንዱ ለሌላው ብናኝ ስለሚሰጥ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ መትከል ይገባል፤ አንዱን ብቻ የተከለ ሰው አበባ አይቶ ፍሬ ሊያጣ ይችላል።

2ኛ/ ስለ ቦታና ስለ አፈር

ችግኝ ሲተከል ስፋቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ ስለዚህ ተካዩ ይታለላል። አቮካዶና ማንጎ ባደጉ ጊዜ በየዓመቱ ቢገረዙም ከግንዳቸው ዙሪያ 4 ሜትር ያህል ይሸፍናሉ። ብርቱካንና መንደሪን እርስ በርሳቸው ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 5 ሜትር መራራቅ ይፈልጋሉ። ኮክና ፖምም ከ3 እስከ 4 ሜትር ይበቃቸዋል።

ለምሳሌ በወይና ደጋ ከተማ ለዛፍ የተለየ 20 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ወርድ ያለው ቦታ ቢኖር፣ አሥራ አምስት ዛፍ ሊያስተክል የሚችል ይመስላል። የሚሸከመው ግን አምስት ዋና ዛፍ ነው። አንድ አቮካዶ ከኋላው ግድግዳ 4 ሜትር ርቆ በመካከል ይተከላል። ከእርሱ መሥመር 6 ሜትር ወደ ፊት ሁለት ብርቱካን፣ እያንዳንዳቸው ከጎን አጥር 2 ሜትር ተኩል ርቀው ይቆማሉ። ከእነዚህም 4 ሜትር ተኩል ወደ ፊት በዚያው ልክ አንድ መንደሪንና አንድ ሎሚ ይሆናሉ። በፊት የቀረው 5 ሜትር ተኩል ለመተላለፊያና ለጎመን ነው፤ ዋናዎቹ ዛፎች እስኪያድጉ ድረስ ሦስት ፓፓያም በዚያ ሊተከሉ ይችላሉ። ፓፓያ ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ በአንድ ዓመት ገደማ ፍሬ ይጀምርና ዋናዎቹ በሚሰፉበት ጊዜ ይወጣል። ሙዝም ለሚወድ ሰው የልብስ ማጠቢያው ውሃ የሚወርድበት ጥግ ተስማሚው ነው፤ በረኪና የገባበት ውሃ ግን አይፈሰስበት።

ዛፉ ከመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከቤት መሠረት፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦም መራቅ አለበት። ከሁሉም ይልቅ ከባሕር ዛፍ መራቅ ይገባዋል። በአጥር ዙሪያ የተተከለ ባሕር ዛፍ ሥሩን በሩቅ ልኮ ለብርቱካኑ የተሰጠውን ውሃ ይጠጣልና፣ የሁለቱ ርቀት ከ10 ሜትር ባያንስ መልካም ነው። ቅርንጫፉ ወደ ጎረቤት የሚያልፍ እንደ ሆነም ከተከላ በፊት ከጎረቤት ጋራ መነጋገር በኋላ ከሚመጣው ክርክር ያድናል።

የአፈሩን ጠባይ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተቈፍሮ ማታ በውሃ ይሞላ። በማግሥቱ ጠዋት ውሃው ሠርጎ ከተገኘ ቦታው ለፍሬ ዛፍ ይሆናል። እስከ ቀትር ቆሞ ከተገኘ ግን ያ ስፍራ ለአቮካዶና ለፓፓያ መቃብር ነው፤ የሁለቱም ሥር ውሃ በቆመበት ይበሰብሳል። መረሬ አፈር ያለው ሰው ወደ ታች ከመቈፈር ይልቅ አፈሩን ከግማሽ ሜትር በማያንስ ከፍታ ከምሮ፣ በክምሩ ላይ ተክሎ፣ በዙሪያው የውሃ መውረጃ ቦይ ማውጣት አለበት።

3ኛ/ ስለ ውሃ

ምን ያህል ዛፍ ልትከል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከመሬቱ ስፋት ይልቅ በውሃው መጠን ይወሰናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች አንድ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 20 ሊትር ውሃ ይፈልጋል ብሎ ማሰብ ይቻላል። እንግዲህ አምስት ዛፍ በሳምንት 200 ሊትር፣ ማለት አሥር ጀሪካን ይጠጣል። ቱቦ በሌለበት ቤት ይህን አሥር ጀሪካን የሚሸከመው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ እመቤትና ሴት ልጆቿ ናቸው። ስለዚህ አባወራው የዛፉን ቍጥር ሲወስን ከእነርሱ ጋራ ተማክሮ መሆን ይገባዋል። አሥር ተክሎ ስምንቱን በየካቲት ከማድረቅ፣ ሁለት ተክሎ ሁለቱንም ማጽደቅ ይሻላል።

ውሃ በብዛት ከመስጠት ይልቅ የተሰጠውን መጠበቅ ትልቅ ጥበብ ነው። በችግኙ ዙሪያ ደረቅ ሣር፣ የጤፍ ጭድ ወይም የሙዝ ቅጠል በአንድ ስንዝር ውፍረት ቢጐዘጐዝ ፀሐይ አፈሩን አያደርቀውም፤ አረሙም ይቀንሳል። ጉዝጓዙ ግን ግንዱን መንካት የለበትም። ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል ካልራቀ ልጡን ያበሰብሳል፤ ምስጥም ይጠራል። ውሃው የሚሰጠውም ማለዳ ወይም ማታ ነው።

4ኛ/ ስለ ችግኝ አመራረጥ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደ ተባለ፣ ችግኝ የሚገዛ ሰው ከቅጠሉ በፊት ሥሩንና ዘሩን ይመርምር።

በገበያ የሚገኘው ችግኝ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከፍሬው የበቀለ ሲሆን፣ ሁለተኛው በበቀለው ግንድ ላይ ከታወቀ መልካም ዛፍ የተወሰደ ቅርንጫፍ ወይም እንቡጥ ተገጥሞ የተዳቀለ ነው። ከአቮካዶ ፍሬ የበቀለ ዛፍ እናቱን አይመስልም፤ ጣፋጩን በልቶ ፍሬውን የተከለ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ውሃ ውሃ የሚል ፍሬ ሊያገኝ ይችላል። ደግሞም ከፍሬ የበቀለው እስኪያፈራ ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ዓመት ሲፈጅ፣ የተዳቀለው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ይጀምራል። ስለዚህ የተዳቀለው በዋጋ ቢበልጥም በእውነቱ የሚረክሰው እርሱ ነው። ሎሚ፣ ፓፓያና ካዝሚር ግን ከፍሬ ቢበቅሉም ይሆናሉ።

የተዳቀለ ችግኝ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ሁለቱ የተጋጠሙበት ጠባሳ ይታይበታል። ጠባሳው የሌለበትን ችግኝ የተዳቀለ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢኖር መታመን የለበትም። ቀጥሎም ችግኙ ያለበት የላስቲክ ከረጢት ሥር ይታይ። ሥሩ በከረጢቱ ውስጥ እንደ ገመድ የተጠመጠመ ከሆነ ችግኙ በከረጢት ውስጥ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ዛፍ ቢተከልም ሥሩ ራሱን እያነቀ ይኖራል። በቁመት የረዘመውን ሳይሆን ግንዱ እንደ እርሳስ የወፈረውን፣ ቅጠሉ ያልነጣና ነጥብ የሌለበትን መምረጥ ይገባል።

ስለ አቮካዶ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የአቮካዶ አበባ በአንድ ቀን ሴት፣ በሌላ ቀን ወንድ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ሐስ የተባለው ዓይነት አበባው ጠዋት ሴት ሆኖ ተከፍቶ ይዘጋና በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ፉዌርቴና ኤቲንገር ግን ከቀትር በኋላ ሴት፣ በማግሥቱ ጠዋት ወንድ ይሆናሉ። ሁለቱ ዓይነቶች በቅርብ ካሉ ንብ ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው ታደርሳለች፤ ፍሬውም ይበዛል። ለአንድ ዛፍ ብቻ ቦታ ያለው ሰው የጎረቤቱን ዓይነት ጠይቆ ሌላውን ቢተክል ሁለቱም ቤቶች ይጠቀማሉ።

ፓፓያም ወንዴና ሴቴ አለው፤ ችግኝ ሳለ ግን አይለይም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ተተክሎ፣ አበባ ባወጡ ጊዜ አበባው በረጅም ዘንግ ላይ የሚንጠለጠለው ወንዴ ይነቀላል። በሰፈሩ ለአሥር ሴቴ አንድ ወንዴ ከቀረ ይበቃል።

5ኛ/ ስለ ጉድጓድና ስለ ተከላ

ጉድጓዱ ከተከላው አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በግንቦት ወር፣ በርዝመት፣ በወርድና በጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቈፈራል። በሚቈፈርበት ጊዜ የላይኛው ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይከመራል። የላይኛው አፈር ከሁለት ወይም ከሦስት ባልዲ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋራ ተደባልቆ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ትኵስ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላል፤ ምስጥንም ይስባል።

የተከላው ወቅት ዝናቡ ከጸና በኋላ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለው ጊዜ ይመረጣል። ዘግይቶ በነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። በኤርትራ የምሥራቅ ተዳፋት ያለው የፍልፍል አገር ግን በክረምትም፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለውም ወራት ዝናብ ስለሚያገኝ፣ ተካዩ የአገሩን ዝናብ እንጂ የሌላውን አገር የቀን መቍጠሪያ መከተል የለበትም።

ችግኙ በማታ ወይም ደመና በሆነ ቀን ይተከል። ከረጢቱ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ተቀዶ ይወገዳል፤ ከነከረጢቱ የተተከለ ችግኝ ሁሉ ይጠፋል። በሥሩ ዙሪያ ያለው አፈር እንዳይፈርስ ተጠንቅቆ፣ የከረጢቱ አፈር ከመሬቱ ልክ ሆኖ ይቀመጣል። የተዳቀለበት ጠባሳ ከመሬት በላይ መቅረት አለበት። ጠባሳው የተቀበረ እንደ ሆነ በሽታ በዚያ ይገባል፤ ሎሚና ብርቱካንም ከግንዳቸው ሙጫ እያወጡ ይደርቃሉ። ከዚያም አፈሩ በእግር ቀስ ተብሎ ይረገጣል፤ ድጋፍ እንጨት ይተከልለታል፤ ዝናብ ቢኖርም እንኳ በዚያው ቀን አንድ ባልዲ ውሃ ይሰጠዋል።

6ኛ/ ከተከላ በኋላ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ፍየልና በግ በአንድ ማለዳ የአንድ ዓመት ሥራ ያጠፋሉና፣ በመጀመሪያው ቀን በእሾህ ወይም በሽቦ ማጠር ያስፈልጋል። በችግኙ ዙሪያ አንድ ሜትር ከአረም ንጹሕ ይሁን፤ ከዚያ ውጭ ባለው ቦታ ባቄላ፣ ሽንኩርት ወይም ጎመን ቢተከል ጉዳት የለውም። በቆሎ ግን ጥላው ችግኙን ያቀጭጨዋል። ከጠባሳው በታች የሚያቈጠቍጥ ቅርንጫፍ ሁሉ ወዲያው ይወገድ፤ ዝም ከተባለ የተዳቀለውን ውጦ ባለቤቱ ሳያውቅ ዛፉን ይለውጠዋል።

በመጀመሪያው ዓመት የሚታየውን ፍሬ መቍረጥ ለልጆች የሚያሳዝን ቢሆንም ለዛፉ ይጠቅማል። ኮክ በየዓመቱ በታኅሣሥ ወይም በጥር ይገረዝ፤ ፍሬውን የሚሸከመው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ስለ ሆነ፣ ያልተገረዘ ኮክ በጫፉ ብቻ ያፈራል። ብርቱካን ብዙ መግረዝ አይወድም፤ የደረቀውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ቅርንጫፍ ቢወጣለት ይበቃል። አቮካዶና ማንጎ ግን መሰላል በሚደርስበት ቁመት እንዲቀሩ ጫፋቸው ይቈረጣል። ከተገረዘ በኋላ ፀሐይ ያገኘው ግንድ እንዳይቃጠል ኖራ መቀባት መልካም ነው። በየዓመቱ በክረምት መግቢያ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ፍግ ከቅርንጫፉ ጥላ ሥር ይበተን።

7ኛ/ ስለ ተባይና ስለ በሽታ

በደጋና በወይና ደጋ የሎሚና የብርቱካን ለጋ ቅጠል አብጦ እንደ ፈንጣጣ ሲጎደጉድ የሚታየው ከአንዲት ትንሽ ተባይ የተነሣ ነው። ይህች ተባይ በ1918 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሳይንስ ስትመዘገብ ስሟ ከኤርትራ ተወስዶ ትሪዮዛ ኤሪትሬዬ ተባለች። ቅጠሉን ከማበላሸቷ ይልቅ የሚከፋው፣ ቅጠል የሚያነጣና ፍሬን አረንጓዴና ጠማማ አድርጎ የሚያስቀር በሽታ ማስተላለፏ ነው። በሽታው መድኃኒት ስለሌለው፣ የተያዘው ዛፍ ተነቅሎ መቃጠል አለበት፤ ከእርሱም ቅርንጫፍ ወስዶ ማዳቀል ፈጽሞ አይገባም።

በማንጎ ቅጠል ላይ ነጭ ነጥብ መስሎ የሚጣበቀው ተባይ በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ከታየ ወዲህ ወደ ብዙ አገር ተስፋፍቷል። ዋናው መተላለፊያው ሰው ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚያመላልሰው ችግኝ ነው። ስለዚህ ነጥብ ያለበትን ችግኝ አለመግዛት፣ በዛፍ ላይ ከታየም የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ገርዞ ማቃጠል፣ ፀሐይና ነፋስ ወደ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል። የፍሬ ዝንብ የሚመታው ማንጎና ዘይቱን ደግሞ በትል ተበልቶ ይወድቃል። የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ለቅሞ ከግማሽ ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት መቅበር፣ ወይም በጥቁር ላስቲክ አስሮ ለብዙ ቀን በፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ዝንቡ እንዳይራባ ያደርጋል። ይህ ሥራ ግን አንድ ቤት ብቻውን ቢሠራው ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ዝንብ አጥር አያግደውምና ሰፈሩ በሙሉ ሊተባበርበት ይገባል።

በመጨረሻም ለሹማምንትና ለችግኝ ጣቢያ ኃላፊዎች የሚነገር ነገር አለ። በየክረምቱ የታደለው ችግኝ ቍጥር በመዝገብ ይጻፋል። ነገር ግን መዝገቡ በሐምሌ ተዘግቶ ዛፉ በመጋቢት የሚደርቅ ከሆነ ቍጥሩ ማንንም አያበላም። ለአንድ ቤት አምስት ያልታወቀ ችግኝ ከመስጠት፣ ከፍታውንና ውሃውን ጠይቆ ዘሩ የታወቀ አንድ የተዳቀለ ችግኝ መስጠት፣ በሚመጣውም ሰኔ ተመልሶ ጸድቆ እንደ ሆነ ማየት የበለጠ አገልግሎት ነው። ተካዩም በበኩሉ የተከለበትን ቀን፣ የችግኙን ዓይነትና የገዛበትን ስፍራ በደብተር ይጻፍ። ዛፉ ከተካዩ ዕድሜ በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ በኋላ የሚወርሱት ልጆች ምን እንደ ያዙ ማወቅ ይኖርባቸዋል።